የጓያ ነገር፤ በጎንደር የእርሻ ምርምርና የልዩ ልዩ ትምህርት መምህራን

ቀሐ ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ይወርድና የዐፄ ፋሲልን መዋኛ ለጥምቀት ሞልቶ ካለፈ በኋላ ወደ መገጭ ገብቶ በደምቢያ ሜዳ በኩል ጣና ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ነገር የሚገኘው ከዚሁ ውሃ መጨረሻ፥ ከደምቢያ ጥቁር አፈር ላይ ነው። ነገሩም ጓያ ነው። ስለ ጓያ እንድንጽፍ ያደረገን ግን እህሉ ብቻ አይደለም። ይህን አንድ እህል ለማወቅ ሐኪሙም፥ ኬሚስቱም፥ የእርሻ ሊቁም፥ የመልክዐ ምድር መምህሩም በየበኩላቸው ደክመዋል። እኛም የእርሻ ተማሪዎች ሆነን ሳለን ለዚህ ጥናት ከእርሻ ትምህርት ክፍል ውጭ ካሉ መምህራን ብዙ ስለ ተረዳን፥ ይህ ልማድ በአገራችን ከየት እንደ መጣ ለመመርመር ፈለግን። ዓመቶቹን የምንጽፈው፥ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ነው። የእርሻ ትምህርት ግን ከእርሱ ተለይቶ ተወለደ። መንግሥት ከአሜሪካ የፖይንት ፎር ድርጅትና ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በ1944 በተስማማው መሠረት በመጀመሪያ በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በሐረርጌ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ቆመ። የዓለማያው ኮሌጅ በንጉሠ ነገሥቱ የተመረቀው በጥር 1950 ነው። የኦክላሆማ መምህራን ይዘውት የመጡት ሐሳብ፥ ኮሌጅ ማስተማር፥ መመራመርና ለገበሬ ማስፋፋት የሚባሉትን ሦስት ሥራዎች አንድ ላይ መሥራት አለበት የሚል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከዓለማያ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ የደምቢያ ገበሬ የዚያን ኮሌጅ ጥቅም በቅርብ አላየውም።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባው ኮሌጅ ውስጥ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው እስታኒስላቭ ኾይናትስኪና ሌሎች መምህራን ከተማሪዎች ጋር ሆነው የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። ተማሪዎቹም በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራቸው ሲሄዱ የየመንደራቸውን ወግና ሥራ ጽፈው ይመለሱ ነበር። ጽሑፎቹ በማኅበሩ መጽሔት ታትመው ዛሬም ይነበባሉ። እኛ ዋጋ የምንሰጠው ለዚህ ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪው ያደገበትን ማሳ እንደ ባዕድ ቆሞ እንዲመለከተው መደረጉ ነው። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን አለን፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የአትክልት ቦታ ስንቆፍር ኖረን ሳለ፥ ያ ሥራ የሚጠና ነገር መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም።

ወደ ጎንደር እንመለስ። እዚህ መጀመሪያ የተከፈተው የከፍተኛ ትምህርት ቤት የእርሻ ሳይሆን የጤና ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ላይ የወረደው የንዳድ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፥ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ርዳታ ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ከፈተ። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ሠራተኞች ያወጣ ነበር፤ የጤና መኰንኖች፥ የማኅበረሰብ ነርሶችና የንጽሕና አጠባበቅ ሠራተኞች። ሦስቱም በአንድ ቡድን ሆነው ለሃምሳ ሺህ ሕዝብ አንድ የጤና ጣቢያ እንዲይዙ ታስቦ ስለ ነበረ፥ ገና ተማሪዎች ሳሉ በአንድነት ወደ ገጠር ይላኩ ነበር። የደምቢያዋ ቆላ ድባ ከእነዚህ የልምምድ ቦታዎች አንዷ ነች። አንዱ ሕመምተኛ ሲመረምር፥ ሁለተኛዋ እናቶችን ስትጐበኝ፥ ሦስተኛው ምንጭና ጉድጓድ ሲያይ፥ ማታ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የቡድን ሥልጠና የተባለው ይህ ነው፤ ስሙና መልኩ ቢለዋወጥም በጎንደር እስካሁን አልቀረም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ በጎንደር የእርሻን ጥያቄ በኮሌጅ ደረጃ አስቀድመው ያነሡት የጤና ሰዎች ናቸው። ማንሣታቸውም ወደው አልነበረም። የንዳድ ሕመምተኛ በብዛት የሚመጣው ክረምቱ ወጥቶ አዝመራው ሲደርስ ነው፤ ሰው በተኛ ጊዜ እህሉ በማሳ ላይ ይረግፋል፤ እህሉ ከረገፈ የከርሞው ሕመምተኛ በርኃብ ላይ ይታመማል። ይህን የተመለከተ የጤና ተማሪ ስለ ማሳ ሳይጠይቅ ሊቀር አይችልም። የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማሳየት ከጎጃም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በቡሬ በኩል ንዳድ ሲበረታ፥ የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካንና የነፍሳት ተመራማሪዎች እነ የማነ የእብዮ በበቆሎ ላይ አተኰሩ። የበቆሎ አበባ ብናኝ በኩሬ ላይ ሲወድቅ ለወባ ትንኝ ዕጭ መኖ እንደሚሆን ታወቀ። የበቆሎውን መስፋፋት የታሪክ ሊቁ ባይቈጥር፥ ዕጩን የነፍሳት ሊቁ ባያሳድግ፥ ሁለቱም ለየብቻቸው ከግማሽ መንገድ ይቀሩ ነበር።

አሁን ወደ ጓያ እንግባ። ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ በዋልካ አፈር ላይ፥ በቀረው እርጥበት ነው። ደጋግሞ ማረስ አይፈልግም፤ አረም የሚነቅልለትም ብዙ የለም። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢቀርም ይችላል። ለመሬቱም ናይትሮጅን ይተውለታል። አንድ በሬ ብቻ ላለው ወይም በሬ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ እህል ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ ጓያን የሚነቅፍ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ምስጋናውን መናገር አለበት፤ ብዙዎች ግን ይዘሉታል።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ጓያ ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ጥቂት ሲበላ ይህን ያህል አይጎዳም። ሌላው እህል ሁሉ ጠፍቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ይሰብራል። ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፥ ጭኖቹን እያፋተገ ይሄዳል። ከባሰበት አንድ ምርኩዝ፥ ቀጥሎም ሁለት ይይዛል፤ መጨረሻው በእጅ መዳኽ ነው። አእምሮው አይነካም፤ እግሩ ግን አይመለስም። ከሴት ይልቅ ወንድ፥ ከሽማግሌ ይልቅ ጐልማሳ ይጠቃል፤ ይኸውም አራሹ ማለት ነው። የነገሩ ክፋት ደግሞ፥ ድርቅ በሆነ ዓመት ጤፉና ስንዴው ሞቶ ጓያው ብቻ መትረፉ ነው። በእህሉ ውስጥ ያለው መርዝም ተክሉ በተጠማ ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ለሰው ከሌላ የሚደባልቀው ነገር ባጣበት ዓመት፥ ጓያው ከወትሮው ይበልጥ ይከፋል።

ይህ መከራ የደምቢያ ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1671 የጓያ ዱቄት እንጀራ እንዳይጋገርበት በዐዋጅ ከልክሎ ነበር። በስፔን በናፖሌዎን ጦርነት ጊዜ ማድሪድ ስትራብ ሕዝቡ በዚሁ እህል ኖረ፤ ታላቁ ሰዓሊ ጎያም ይህንኑ በሥዕል ቀርጾ አስቀረ። የሰዓሊውና የእህሉ ስም በአማርኛ ጆሮ መመሳሰሉ አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም፥ ክፍል ውስጥ ሲነገር ሁላችንን አስቆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በቫፕኒያርካ እስር ቤት የታሰሩ አይሁድ ጓያ ሲመገቡ ሽባ መሆን ጀመሩ፤ ምክንያቱን የለየው ከእስረኞቹ መካከል የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። መርዙ ራሱ በኬሚስቶች እጅ የተለየው በሕንድ አገር በ1956 ሲሆን፥ በዛሬው አጠራር ኦዳፕ ይባላል።

በእኛ አገር የጣና ዙሪያው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ1970 ተጽፎ ወጣ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዘይን አሕመድ ነበሩ። ዘይን በጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የማኅበረሰብ ጤና መምህር ሆነው ሳሉ፥ ከመልክዐ ምድር ሊቁ ከሄልሙት ክሎስ ጋር በአንድነት ያዘጋጁት ስለ ኢትዮጵያ ጤናና በሽታ የሚናገረው መጽሐፍ በ1980 ታተመ። ሐኪምና የመልክዐ ምድር መምህር አንድ መጽሐፍ ማዘጋጀታቸው በዚያን ጊዜ ብዙ የተለመደ አልነበረም። ከዚያም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጥተው፥ ከእነ ዘይንና ከአሜሪካዊው ፒተር ስፔንሰር ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት ያደረጉት ቈጠራ በ1982 ታተመ። በኅዳር 1988 ደግሞ ስለዚሁ እህልና በሽታ በአዲስ አበባ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ፤ ሐኪሞችና የእርሻ ሊቃውንት በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ።

ጉባኤው ከመደረጉ ጥቂት ቆይቶ በወሎ በደላንታና ዳውንት ሌላ ወረርሽኝ ተነሣ። ያን ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በቤልጅግ አገር ካለው ከጌንት ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ኬሚስት ከፈርናንድ ላምበይን ጋር ሲሠሩ፥ ጥያቄያቸውን ወደ ማጀት ወሰዱት። ጓያው እንዴት ተሰናዳ? ንፍሮ ነው? እሸት ነው? ወይስ ከእህል ጋር የተደባለቀ ነው? መልሱም አዘገጃጀቱ ልዩነት እንዳለውና ከብርዕና ከአገዳ እህል ጋር መደባለቁ ጉዳቱን እንደሚቀንስ አሳየ። ይህን ስናነብ ትንሽ አፈርን፤ በእርሻ ትምህርት ቤታችን ስለ ዘር፥ ስለ አፈርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ተምረን ሳለ፥ እህሉ ከጎተራ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን የጠየቅንበት ቀን አልነበረምና።

የእርሻ ሊቃውንት በበኩላቸው ዝም አላሉም። መርዙ ያነሰ ዘር ለማግኘት ብዙ ደክመው «ዋሴ» የተባለውን ዘር በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገበሬ አወጡ። ሆኖም የመርዙ መጠን በዘር ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል። በአንድ ቦታ ያነሰው በሌላ ቦታ ይጨምራል። ስለዚህ ዘር አሻሻዩ ያለ አፈር መምህሩ፥ ሁለቱም ያለ ኬሚስቱ ሊሄዱ አይችሉም።

ስለ ዘር ካነሣን፥ ከዓለማያ የወጣ አንድ ተማሪ ሳንጠቅስ አናልፍም። ገቢሳ እጄታ በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በዓለማያ ከተማረ በኋላ፥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ሊቁ ጆን አክስቴል ተማሪ ሆነ። በኋላ ግን አቀንጭራን፥ ያችን የማሽላ ሥር የምትመጥ አረም፥ ሊያሸንፍ በተነሣ ጊዜ የተጠጋው ወደ ባዮኬሚስቱ ወደ ላሪ በትለር ነው። አቀንጭራ ከማሽላ ሥር የሚወጣውን ኬሚካል ካልሸተተች አትበቅልም፤ ይህን ኬሚካል በጥቂቱ የሚያወጣ ማሽላ ከተመረጠ ደግሞ አረሟ ተኝታ ትቀራለች። ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቹ በ2002 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበለ። ማሽላ በሚዘራበት በሰሜን ጎንደር ቆላ አቀንጭራን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ከእንግዲህ ስለ ራሳችን ጥናት ጥቂት እንናገራለን። አራት ሆነን ወደ ቆላ ድባ ስንወርድ የያዝነው መጠይቅ በእርሻ ትምህርት ክፍል የተዘጋጀ ነበር። አዘጋጆቹም እኛው ነን፥ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቤተ ሰቡ ጓያ ይበላል ወይስ አይበላም?» ይላል። በመጀመሪያው ቀን የጠየቅናቸው ሁሉ አይበላም አሉ። አንዲት እናት፥ «ጓያ እኛ ቤት አይገባም ልጆቼ፤ ለከብት ነው የምንዘራው» አሉን። ግን እግዜር ይስጣቸውና ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው ሽሮ አቀረቡልን። ስንበላ ከመካከላችን አንዱ፥ «እማማ፥ ይህ ሽሮ እንዴት ወፈረ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «ጥቂት ጓያ ጣል አድርጌበት ነው፤ ያለሱማ መች ይወፍራል» ብለው መለሱ። እርስ በርስ ተያየን፤ መጠይቁን ግን በዚያ ሰዓት ለማውጣት አልደፈርንም።

ተመልሰን ለመምህራኖቻችን ብንነግር፥ የአፈር መምህራችን የናሙናውን ቍጥር እንድናሳድግ መከሩን። የታሪክ መምህራችን ግን ሳቁና፥ ጓያ የድኻ ምግብ ስለ ሆነ ማንም በፊታችሁ አይናዘዝም፤ ስለ ሰው አትጠይቁ፥ ስለ ዓመት ጠይቁ አሉን። ስለዚህ በሁለተኛው ጉዞ «ጓያ በገበያ የተወደደበት ዓመት የትኛው ነው? ያን ጊዜ ጤፍ እንዴት ነበር?» እያልን ጠየቅን። ሽማግሌዎቹ ዓመቱን በቍጥር ሳይሆን በነገር ያስታውሳሉ፤ አንበጣ የመጣበት፥ በረዶ የመታበት፥ እገሌ ሹም የሆነበት እያሉ ይቈጥራሉ። እኛም እንደ መምህሩ ምክር ከታወቁ ዓመቶች ጋር እያገናኘን ጻፍን። ሰው ስለ ራሱ የማይናገረውን ስለ ዘመኑ ሲጠየቅ ያለ ኀፍረት ይናገራል።

በገበያው ዳር ሁለት ምርኩዝ የያዙ አንድ ሰው አግኝተን ነበር። ሕመሙ የያዘኝ የጓያ ንፍሮ ሲንተከተክ እንፋሎቱ መትቶኝ ነው አሉን። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ሌላውም በጓያ ማሳ ውስጥ ላብ ይዞት ያለፈ ሰው ይሰበራል ይላል። እኛ ይህ አጉል እምነት ነው ብለን ልንጽፍ ነበር። የማኅበረሰብ ጤና መምህርታችን ግን ቃሉን እንዳለ እንድንጽፈው አዘዙን። ሰው እንፋሎቱን ከፈራ ድስቱን ይሸሻል እንጂ መብላቱን አይተውምና፥ ለማስተማር የሚመጣ ሰው ፍርሃቱ በየት በኩል እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት አሉን። ሰውየውን ስንት ልጆች እንዳሏቸው ጠየቅናቸው። ሦስት ናቸው አሉ፤ የሚያርሰው ትልቁ ልጅ ነው፤ ዘንድሮም ከዋልካው ላይ የዘራው ጓያ ነው።

የኬሚስትሪ መምህራችን ያነሡት ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ያጠረ ነበር፤ «ውሃውን ይደፉታል?» የሚል። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ፥ ጓያው ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ ውሃው ቢደፋ ብዙው ይሄዳል። ሴቶቹን ብንጠይቅ አብዛኞቹ እንደማይደፉት ነገሩን። ምክንያታቸውም ሁለት ነው፤ አንደኛ ጣዕሙ ይሄዳል፥ ሁለተኛ ውሃው ከሩቅ የተቀዳ ነው። ለመቀቀል አንድ እንስራ፥ ለመድፋት ሌላ እንስራ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ነገሩ የምንጭና የጉድጓድ ጉዳይ ሆነ፤ ይህ ደግሞ በ1947ቱ ኮሌጅ የንጽሕና አጠባበቅ ተማሪው ይሠራው የነበረው ሥራ ነው።

በየኮሌጁ እንደ ተለመደው አንድ ተማሪ አንድ አማካሪ አለው፤ የሚፈርመውም እርሱ ብቻ ነው። የታሪኩም፥ የጤናውም፥ የኬሚስትሪውም መምህራን ለእኛ የሰጡት ጊዜ በማስተማር ሰዓታቸው ውስጥ አይቈጠርላቸውም። አንዳንዶች ይህ ዓይነቱ ሥራ ተማሪውን ከትምህርቱ ያወጣዋል ይላሉ። አንድ የአዝመራ ተማሪ ስለ ሽሮና ስለ እንስራ ሲጽፍ ስለ ምርት መጠን መቼ ሊጽፍ ነው የሚለው ተቃውሞ ፍጹም ባዶ አይደለም። በእኛም ጥናት የምርቱ ክፍል ሳስቷል፤ የአፈር መምህራችን በኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም ደጋግመው ጽፈውበታል። ሆኖም በምርት መጠን ብቻ ብንሄድ ኖሮ ጓያ ትርፋማ ነው ብለን እንዲስፋፋ እንመክር ነበር፤ በበሽታውም ብቻ ብንሄድ እንዲከለከል እንመክር ነበር። የቩርተምበርግ መስፍን በዐዋጅ ከለከለ፤ በአውሮፓ ግን የእግሩ በሽታ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት መቶ ዓመት ቆየ።

ከሁለተኛው ጉዞ ስንመለስ ከአሥራ አንድ ማሳ የሰበሰብነውን ዘር በየከረጢቱ ጽፈን ለኬሚስትሪው ክፍል አስረክበናል። ከከረጢቶቹ አንዱ ያ ባለ ምርኩዙ ሰው ልጅ ከዘራበት ማሳ የመጣ ነው። ልጁ ውጤቱን ንገሩኝ ብሎናል፤ እኛም በመስከረም ሳይዘራ እንደምንደርስለት ቃል ገብተናል።